የቀዶ ሐኪም ዝለት፦ ከየት ይመጣል፣ በምንስ ይመለሳል?

ቀዶ ሕክምናው ያለ እንከን አልቋል። በሽተኛዋ ነቅታለች፤ ቤተሰቦቿ በር ላይ ቆመው ሐኪሙን አመስግነዋል። ሐኪሙ ግን ምንም አልተሰማውም። ደስታም፣ እፎይታም፣ ኩራትም የለም፤ የሚያስበው ቀጣዩን በሽተኛ ቶሎ አስገብቶ ስለመጨረስ ብቻ ነው። በርንአውት ወይም የሥራ ዝለት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቆሞ መሄድ ያቃተው ሰው ነው። በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ ግን አጀማመሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ እጅ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ልብ ግን ከሥራው ከወጣ ቆይቷል። ባልደረቦቹም ሆኑ እሱ ራሱ ዘግይተው የሚነቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ቃሉ ልክ ያለው ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒውዮርክ ነፃ ክሊኒክ ውስጥ በትጋት ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች እንዴት ቀስ በቀስ ነደው እንደሚያልቁ ጻፈ። በ1981 ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ዛሬም በሰፊው የሚሠራበትን መለኪያ አወጡ። 22 ጥያቄዎች አሉት፤ 9ኙ ስሜታዊ ዝለትን፣ 5ቱ ሰውን እንደ ዕቃ የማየት ቅዝቃዜን፣ 8ቱ ደግሞ “የምሠራው ሥራ ዋጋ አለው” የሚለውን ስሜት ይለካሉ። መላሹ እያንዳንዱ ስሜት በስንት ጊዜ እንደሚመጣበት፣ “በጭራሽ” ከሆነ 0፣ “በየቀኑ” ከሆነ 6 ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ ዝለትን ከበሽታዎች ተርታ አላሰለፈውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምንጩ ሥራው ውስጥ ሆኖ ሳለ ሥራውን እንዳለ ትቶ ሐኪሙን ብቻ ማከም፣ መግሉ ያልወጣለትን ቁስል ላዩን እንደ መስፋት ነው።

ሦስቱ ክፍሎች በሐኪሙ ላይ ሲታዩ

ስሜታዊ ዝለትን ከተራ ድካም የሚለየው ዕረፍት ነው። ከ24 ሰዓት ተረኝነት የወጣ ሰው ሁለት ሌሊት ደህና ቢተኛ ይመለሳል። የዛለ ሰው ግን ከሁለት ሳምንት ፈቃድ በተመለሰ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ገና ራውንድ (በሽተኞችን አልጋ ለአልጋ መጎብኘት) ሳይጀመር፣ ድካሙን በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ያገኘዋል።

ቅዝቃዜው የሚታወቀው በአነጋገር ነው። ስምና ዕድሜ የነበራት ሴት “ሰባተኛው አልጋ ያለችው ሐሞት ከረጢት” ትሆናለች። ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለው የስምምነት ንግግር አጥሮ አጥሮ ፊርማ መቀበል ብቻ ይቀራል። በቀዶ ጊዜ መሣሪያ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ ለአፍታ ብታዘገይ ድሮ በዝምታ ይታለፍ የነበረው ነገር ጩኸት ያስከትላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከበሽተኛው ስሜት መጠነኛ ርቀት መያዝ የሙያው ግዴታ ነው፤ እያለቀሰ አንጀት የሚሰፋ የለም። ጤናማው ርቀት ግን ከጓንቱ ጋር ይወልቃል። የታመመው ርቀት ዋርድ ድረስ፣ ከዚያም ቤት ድረስ ይከተላል።

ሦስተኛው፣ ማለትም የሥራን ዋጋ ማጣት፣ በቀዶ ሐኪም ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተቆረጠው ዕጢ፣ የቆመው ደም፣ የተጠገነው አጥንት በዓይን ይታያል። ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች ነደው ካለቁ በኋላ እንኳ ሐኪሙ “ሥራዬን እየሠራሁ ነው፣ ምንም አልሆንኩም” ማለት ይችላል። ውሸትም አይደለም። ራስን ለመመርመር ሙሉ መለኪያው ከሌለ ሁለት አረፍተ ነገሮች ጥሩ መነሻ ይሆናሉ፦ “በሥራዬ ነድጄ እንዳለቅኩ ይሰማኛል” እና “ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ለሰው ያለኝ ስሜት ደንድኗል”። ከሁለቱ አንዱ በሳምንት አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሰማው ሰው ጉዳዩን በቁም ነገር መያዝ አለበት።

ከድብርት ጋር እንዳይምታታ ደግሞ ሌላ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ዝለት በመነሻው ከሥራ ጋር የታሰረ ነው፤ ከሥራ ውጭ፣ ከልጅ ጋር ሲጫወቱ ወይም ከወዳጅ ጋር ሲያወጉ፣ ደስታው ቢያንስ በከፊል ይመለሳል። ድብርት ግን የትም ይከተላል፤ ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ ልጁን፣ ሙዚቃውን ሁሉ ያደበዝዛል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቀው ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መለያ ቅጽ በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ ከ27 ነጥብ 10ና ከዚያ በላይ ካመጡ ቀጣዩ እርምጃ የአእምሮ ሐኪም ማየት ነው። ሁለቱ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። አንድ ሌላ የሚቀላቀል ነገር አለ፤ የሕሊና ቁስል። ሐኪሙ ለበሽተኛው የሚበጀውን እያወቀ፣ አልጋ ወይም መሣሪያ ወይም ገንዘብ ስለሌለ ሳያደርገው ሲቀርና ይህ ሲደጋገም የሚመጣው ሕመም ነው። ይህንን ዕረፍት አያድነውም፤ የሚያድነው መንስኤው ሲነካ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ የሚሉት

የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2008 አባላቱን ጠይቆ 7,905 ሐኪሞች መልሰው ነበር። 40 በመቶው የዝለት መለኪያውን አሟልተዋል፤ 30 በመቶው ላይ የድብርት ምልክት ታይቷል። ወደ 9 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ከባድ የሕክምና ስሕተት እንደ ሠሩ ተናግረዋል፤ ስሕተት የተናገሩት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የዛሉ ሆነው ተገኝተዋል። የትኛው ቀድሞ እንደ መጣ እንዲህ ያለ መጠይቅ አይነግረንም፤ ዝለት ስሕተት ይወልዳል፣ ስሕተትም ዝለትን። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ይህ ነው፤ 6.3 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶባቸው ነበር፣ ከእነሱም የባለሙያ እርዳታ የጠየቁት ከአራት አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ያመነቱት የሙያ ፈቃዴ ይነካል በሚል ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ አሁኑኑ እንናገር፣ ወደ መጨረሻ አናቆየው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሐኪም ዛሬውኑ ለአንድ ሰው መንገር አለበት፤ ብቻውን መሆን የለበትም፤ ከተረኝነትና መድኃኒት በእጁ ከሚገኝበት ሥራም ለጊዜው መራቅ አለበት። ይህን የሰማ ባልደረባ ምክር ለመስጠት አይቸኩል። “ራስህን ስለ ማጥፋት አስበሃል?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ በር ይከፍታል። ከዚያ አብሮ ወደ አእምሮ ሐኪም ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ለምን ቀዶ ሐኪሞች?

ግሌን ጋባርድ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1985 የሐኪሞችን ባሕርይ በሦስት ነገር ጠቅሶት ነበር፦ ጥርጣሬ፣ የጥፋተኝነት ስሜት፣ ከልክ ያለፈ ኃላፊነት። ሦስቱም በሽተኛውን ይጠቅማሉ። ስፌቱን ሁለቴ የሚያየው፣ ሌሊት ደውሎ “ሽንቱ ስንት ሆነ?” የሚለው ሐኪም በእነዚህ የተሠራ ነው። ግን ማብሪያ እንጂ ማጥፊያ የላቸውም፤ ሥልጠናው ለዓመታት ሲያጎላቸው ይኖራል፣ ማብረጃውን ግን አያስተምርም። ስለዚህ ዝለት በሰነፉ ላይ ሳይሆን በተጋው ላይ ይጸናል። “ለዚህ ሙያ አልተፈጠርክም” ብሎ መተቸት ስድብ ብቻ ሳይሆን ምርመራውን መሳት ነው።

ሰዓት ብዛት ያዝላል፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። በ2016 ውጤቱ በወጣ በ117 የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ማሠልጠኛዎች በተደረገ ሙከራ፣ የሰዓት ደንቡ ጥብቅ በሆነባቸውና በላላባቸው ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) መካከል በበሽተኞች ሞትና በከባድ መዘዞች ልዩነት አልታየም፤ በአጠቃላይ ስለ ራሳቸው ደኅንነት በሰጡት ምላሽም እንዲሁ፣ ምንም እንኳ የላላባቸው ከቤተሰብና ከዕረፍት የሚነጠቁት ጊዜ እንደ በዛ ቢናገሩም። በ2019 የታተመ በ7,409 ሬዚደንቶች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። 38.5 በመቶዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ የዝለት ምልክት ነበራቸው፤ ከሁሉ በላይ ከዝለት ጋር የተያያዘው በሥራ ቦታ የሚደርስ ስድብ፣ ማዋረድ፣ መድልዎና ትንኮሳ ነበር። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ዝለው የታዩትም በዚሁ የተነሳ ነው፤ የደረሰባቸው በደል በስሌቱ ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። ይህን ያነበበ የዲፓርትመንት ኃላፊ ስለ ጽናት ሥልጠና ከማዘጋጀቱ በፊት ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ ማን ማንን እንደሚሰድብ ቢጠይቅ ይሻላል።

ማስላክና ባልደረባዋ ተመራማሪ ማይክል ላይተር የሥራና የሰው አለመገጣጠም በስድስት ቦታ እንደሚከሰት ያስቀምጣሉ፦ የሥራ ብዛት፣ በራስ ሥራ ላይ ያለ ሥልጣን፣ ምስጋናና ክፍያ፣ የባልደረቦች ኅብረት፣ ፍትሕ፣ እሴት። ለቀዶ ሐኪም ሁለተኛው ልዩ ቦታ አለው። ጾሞ የዋለ በሽተኛ በ10 ሰዓት “አልጋ የለም” ተብሎ ሲመለስ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ምንም ያላጠፋው ሐኪም ነው። ኃላፊነቱ ሙሉ፣ ሥልጣኑ ግን ግማሽ የሆነ ሰው በፍጥነት ይዝላል።

መጀመሪያ ምርመራ

ቀዶ ሐኪም ሆድ ከመክፈቱ በፊት ምክንያቱን ይፈልጋል። ራሱ ላይ ሲሆን ግን በቀጥታ ወደ ትልቁ ቀዶ ይሄዳል፤ ሥራ ልልቀቅ፣ አገር ልቀይር፣ ሙያውን ልተው ይላል። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ይመዝገብ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየቀኑ ከሥራ ከመውጣት በፊት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ቀኑ የዋለባቸውን ሥራዎች በሰዓት ይጻፉ፤ ኦፕሬሽን፣ ተመላላሽ ክፍል፣ ራውንድ፣ ማስተማር፣ ጽሕፈት፣ ስብሰባ፣ ጥበቃ። ጥበቃን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ በሁለት ቀዶዎች መካከል ክፍሉ እስኪጸዳና በሽተኛው እስኪመጣ የሚባክነው ጊዜ ሲደመር ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ከእያንዳንዱ ጎን ኃይል ከሰጠ የመደመር፣ ከወሰደ የመቀነስ ምልክት ይደረግ። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ፦ ለምን? “ኦፕሬሽን፣ ቀናሽ፣ ጀርባ” እና “ኦፕሬሽን፣ ቀናሽ፣ ብቻዬን” ፍጹም የተለያየ ሕክምና ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የጠረጴዛ ከፍታ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የረዳት ጉዳይ።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ አንድ ስሌት ይሠራ፦ ለሐኪሙ እጅግ ትርጉም ያለው ሥራ ከሳምንቱ ስንት በመቶ ያዘ? በ2009 የታተመ በአንድ የማስተማሪያ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለእነሱ ከሁሉ የላቀ ትርጉም ባለው ሥራ ላይ ከጊዜያቸው 20 በመቶ ያህል እንኳ የማያሳልፉት 54 በመቶ ገደማ ዝለው ሲገኙ፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያሳልፉት ላይ ቁጥሩ 30 በመቶ ገደማ እንደ ነበር አሳይቷል። ጥናቱ በቀዶ ሐኪሞች ላይ አልተደረገም፤ መንገዱ ግን ይሠራል። 20 በመቶ ማለት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ 60 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 12 ሰዓት። ሙሉውን ሳምንት መቀየር አይጠበቅበትም። ብዙውን ጊዜ የጎደለው አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው፤ ያ ደግሞ ሊገኝ ይችላል።

ሰዓቱ ከየት ይገኛል?

ከጽሕፈት ይጀመር። በ2016 የታተመ በአራት የሕክምና ዘርፎች ተመላላሽ ክፍሎች ላይ የተደረገ ምልከታ፣ ሐኪሙ ፊት ለፊት ከበሽተኛ ጋር ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ በኮምፒውተርና በወረቀት ሥራ ላይ እንደሚያልፍ አሳይቷል። የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ከክፍሉ ሳይወጡ፣ ቆዳ እየተሰፋ ወይም በሽተኛው እየነቃ ሳለ ቢጻፍ አጭርም ትክክልም ይሆናል፤ ማታ ሲጻፍ ግን የትኛው በሽተኛ ላይ ምን እንደ ታየ ለማስታወስ ብቻ ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ ስሕተትም ይገባል። በየሳምንቱ ለሚደጋገሙ ሦስት ወይም አራት ቀዶዎች ዝግጁ ቅጽ ይኑር፤ ግን ግኝቱና የተለየው ነገር የሚሞላበት ቦታ ባዶ ይተው፤ አለበለዚያ የሌለ ነገር እንዳለ ሆኖ ተቀድቶ ይቀራል። ስብሰባን በተመለከተ፣ ባለፉት ሦስት ወራት አንድ ውሳኔ ያልወጣበትን ኮሚቴ ለቆ መውጣት ሥራን መሸሽ አይደለም።

የቀረውን ከኃላፊው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚሳነውም እዚህ ነው። “ደክሞኛል” የሚል ሐኪም አዘኔታና “ትንሽ ዕረፍ” የሚል መልስ ያገኛል። ከመዝገቡ የወጣ ቁጥር ይዞ የሚሄድ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ለምሳሌ፦ “በአራት ሳምንት ከታቀዱልኝ 20 ቀዶዎች 6ቱ ተሰርዘዋል፤ 4ቱ በአልጋ እጥረት ነው። ማክሰኞ ጠዋት አልጋ ሳይዙ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚሄዱ በሽተኞች ዝርዝር ብቻ ይሰጠኝ፣ ለሦስት ወር እንሞክረው፣ ስረዛው ካልቀነሰ እንመልሰው።” አንድ ጥያቄ፣ የተወሰነ ጊዜ፣ የሚቆጠር ውጤት። አምስት ነገር በአንዴ የጠየቀ አንዱንም አያገኝም።

ሌሊት ሥራ የተለየ ቃል ይፈልጋል። በ1997 የታተመ ሙከራ፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር እንደሚመጣጠን፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ስለዚህ ከተረኝነት ማግስት ቀጠሮ ያለው ቀዶ አለመያዝ ምቾት አይደለም፣ የበሽተኛ ደኅንነት ነው። ብዙ ሆስፒታሎች የተሻለ ሆኖ ያገኙት አሠራር አንድ ሐኪም ሳምንቱን ድንገተኛውን ብቻ ይዞ፣ ቀጠሮ ያላቸውን ቀዶዎችና ተመላላሽ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ለባልደረቦቹ መተው ነው። የሚበላሸው ሳምንቱ ሲያልቅ ነው፤ ርክክቡ በቃል ብቻ ከሆነ ቤት የሄደው ሐኪም በስልክ ሥራ ላይ እንዳለ ይቆያል። የእያንዳንዱን በሽተኛ ችግር፣ ምን እንደሚጠበቅና ምን ቢሆን ምን እንደሚደረግ በአንድ አንድ መስመር ጽፎ ማስረከብ ስልኩን ዝም ያሰኘዋል።

ሥጋው ደግሞ

ሕመም ሳያውቁት ሥራን ያስጠላል። በ2018 የተጠናቀሩ ጥናቶች ከቀዶ ሐኪሞችና ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩ ሐኪሞች ወደ 17 በመቶ የሚሆኑት የአንገት አጥንት፣ ወደ 19 በመቶው የታችኛው ጀርባ መጎሳቆል፣ ወደ 18 በመቶው የትከሻ ጅማት ችግር እንዳለባቸው አሳይተዋል። ክፍት ቀዶ ላይ የጠረጴዛው ከፍታ እጅ ክርን አካባቢ እንዲሠራ መሆን አለበት። ላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀዶ) ላይ መሣሪያው ረጅም ስለሆነ ጠረጴዛው ዝቅ ይላል፤ ክርን ላይ መድረስ ያለበት የመሣሪያው እጀታ እንጂ የበሽተኛው ሆድ አይደለም። ስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ከዓይን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ረዳቶች ቁመታቸው ሲለያይ መርገጫው ከአጭሩ እግር ሥር ይግባ፤ ረጅሙ ለሦስት ሰዓት እንዲጎብጥ አይደረግ።

አጭር ዕረፍትም ይሠራል። በ2017 የታተመ ጥናት በየ20 እስከ 40 ደቂቃው ከ1.5 እስከ 2 ደቂቃ ጓንትና ጋውን ሳያወልቁ አንገትን፣ ትከሻንና ጀርባን ማፍታታት ሕመምን እንደሚቀንስና የቀዶውን ጊዜ እንደማያራዝም አሳይቷል። የሚረሳ ስለሆነ ሰዓቱን የሰመመን ባለሙያው ወይም ዘዋሪ ነርሷ ብትጠራው ይሻላል፤ ደም እየፈሰሰ ወይም ወሳኝ ደረጃ ላይ ከሆኑ እስኪያልፍ ይቆያል።

ከመዘዝ ማግስት

የቀዶ ሐኪምን ከሌላው ሐኪም የሚለየው ጉዳቱ በእጁ መድረሱ ነው። መድኃኒት ያልሠራለት በሽተኛ ሲሞት በሽታው ገደለው ይባላል፤ የተሰፋ አንጀት ሲያፈስ ግን ስፌቱ የማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። አልበርት ዉ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ2000 ባወጣው ጽሑፍ በስሕተት የተጎዳውን ሐኪም ሁለተኛው ተጎጂ ብሎ ጠራው፤ አንደኛው ተጎጂ ሁልጊዜም በሽተኛው ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው ነገር ቀጣዮቹን ወራት ይወስናል። ለቤተሰብ ንግግሩ በሐኪሙ ራሱ ይደረግ፤ ግን ብቻውን አይሂድ፣ አንድ ልምድ ያለው ባልደረባ አብሮት ይቀመጥ። የሆነው በግልጽ ይነገር፣ ያልታወቀው እንዳልታወቀ ይነገር። መዝገቡ ላይ እውነታው ብቻ በሰዓቱ ይስፈር። የቀኑን ቀሪ ዝርዝር ሌላ ሰው ሊወስደው ይችል እንደ ሆነ ኃላፊው ራሱ ይጠይቅ፤ ሐኪሙ እስኪጠይቅ አይጠበቅ፣ አይጠይቅምና። ማታ ላይ አንድ ሰው ይደውል። የሚደውለው “በሁሉም ላይ ይደርሳል” ብሎ አይጀምር፤ እውነት ቢሆንም በዚያ ሰዓት በር ይዘጋል። “ደጋግሞ የሚመጣብህ የትኛው ቅጽበት ነው?” ማለት ይሻላል።

በቦስተን የሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል በ2008 ይህን ሥርዓት አደረገው። የመሠረተችው ጆ ሻፒሮ ራሷ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም ናት። የአሠራሩ ፍሬ ነገር፣ ድጋፉ የሚሰጠው በሠለጠነ ባልደረባ መሆኑና የተጎዳው ሐኪም እስኪመጣ አለመጠበቁ ነው፤ ክስተት ሲኖር ባልደረባው ራሱ ይደውላል። ለማንም ስለሚደወል መደወሉ ድክመትን አያሳይም። ይህን ለመጀመር ሕንፃ አያስፈልግም፤ አምስት ወይም ስድስት የሚታመኑ ሰዎች፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ በጽሑፍ የማይመዘገብ ንግግር፣ ስለ ክስተቱ የሚያሳውቃቸው አንድ ሰው ይበቃል።

ካልተደረገ ሁለት ዓይነት ቁስል ይቀራል። አንዱ ሐኪም ያንን ዓይነት ቀዶ በሰበብ ይሸሻል፤ ሌላው ለእያንዳንዱ በሽተኛ የማያስፈልግ ምርመራ ያዛል። የሕመምና የሞት ግምገማ ስብሰባው ችሎት ከሆነ ደግሞ መዘዞች ይደበቃሉ፣ ማንም አይማርም። ጥያቄው “ማን?” ከመሆን “በየትኛው ደረጃ፣ ምን ሲታይ፣ ምን ተወሰነ?” ወደሚለው ሲዞርና አንጋፋዎቹ የራሳቸውን መዘዝ ቀድመው ሲያቀርቡ ክፍሉ ይለወጣል። አንጋፋው ካልጀመረ ሬዚደንቱ አይደፍርም።

ደስታው የሚመለስበት መንገድ

የቀዶ ሐኪም ሕይወት ውስጥ የተደበቀ ማዛባት አለ። የዳኑት አይመለሱም። ቁስሉ የጠገገለት ሰው ክር ከወጣለት በኋላ ወደ ሥራው፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ወደ ሐኪሙ ደጋግሞ የሚመጣው ያመረቀዘበት፣ ያፈሰሰበት፣ ሕመሙ ያልለቀቀው ነው። ከ100 በሽተኞች 95ቱ ቢድኑም የሐኪሙን ተመላላሽ ክፍል የሚሞሉት 5ቱ ናቸው። አእምሮው ሙያውን የሚመዝነው በሚያየው ነው፤ የሚያየው ደግሞ ውድቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ስኬትን ማየት በዕድል የሚገኝ ሳይሆን በቀጠሮ የሚገባ ነገር መሆን አለበት። በወር ሁለት ቀጠሮ ለዳኑ ሰዎች፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ፣ መያዝ ይቻላል። ካልተመቸ ነርሷ በወር አሥር ሰዎች ጋ ደውላ “አሁን ምን መሥራት ቻልክ?” የሚለውን ጠይቃ መልሱን ለቡድኑ ታንብብ። ለሕክምናው ጥራት መከታተያም ይሆናል፤ የረጅም ጊዜ መዘዝም በዚህ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገድ ጥበቡ ራሱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ አብዛኛው ቀዶ ሳያስቡት ይሠራል፤ ለበሽተኛው ጥሩ ነው፣ ለሐኪሙ ግን ማደብዘዣ ነው። በቪዲዮ የተቀረጸ የራስን ቀዶ በወር አንድ ጊዜ ከሚያከብሩት ባልደረባ ጋር ማየት፣ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ መርጦ ማሻሻል፣ ትኩረትን ይመልሳል። በሙያ አሠልጣኝ መታገዝም ይጠቅማል፤ በ2019 የታተመ ሙከራ 88 ሐኪሞችን ከፍሎ ለግማሾቹ በስድስት ክፍለ ጊዜ በድምሩ 3.5 ሰዓት በስልክ አሠልጣኝ መድቦላቸው ነበር፤ ስሜታዊ ዝለታቸው ከአምስት ወር በኋላ ሲቀንስ የሌሎቹ ትንሽ ጨመረ። 3.5 ሰዓት ከአንድ ትልቅ ቀዶ አይበልጥም።

ሦስተኛው ባልደረቦች ናቸው። በማዮ ክሊኒክ የተደረገ ሙከራ 74 ሐኪሞችን ይዞ ለግማሾቹ በየሁለት ሳምንቱ ከሥራ ሰዓት አንድ ሰዓት ነፃ አድርጎ፣ በትንንሽ ቡድን ለዘጠኝ ወር ስለ ሙያቸው እንዲነጋገሩ አደረገ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ቅዝቃዜያቸው ቀንሶ፣ ሥራቸው የሚሰጣቸው ትርጉምም ጨምሮ ተገኘ። ሰዓቱ ከሥራ ሰዓት መሆኑ ወሳኝ ነው። ከሥራ በኋላ የሚጠራ የደኅንነት ስብሰባ ከቤተሰብ የሚቆረጥ ተጨማሪ ተረኝነት ይሆናል፤ የሚሄዱትም ብዙም የማያስፈልጋቸው ናቸው።

ከሥራ ውጭ ስላለው ሕይወት በአጭሩ፤ ቀዶ ሐኪምነት ብቸኛ ማንነቱ የሆነ ሰው አንድ መጥፎ ወር ሁሉንም ይነጥቀዋል። ከዝለት ጋር አብሮ የሚመጣውን መጠጥም ችላ ማለት አይገባም፤ በ2012 የታተመ የአሜሪካ መጠይቅ ከወንድ ቀዶ ሐኪሞች 13.9፣ ከሴቶች 25.6 በመቶው የአልኮል ችግር መስፈርት እንዳሟሉ አሳይቷል። እያንዳንዱ ቀዶ ሐኪም ወዳጁም አለቃውም ያልሆነ የራሱ ሐኪም ይኑረው። በኮሪደር ላይ የሚጻፍ የእንቅልፍ መድኃኒት ሕክምና አይደለም።

ዕረፍት ወጥቶ መመለስ

ረጅም ፈቃድ አንዳንዴ ግድ ነው፤ የሚከሽፈው ግን ሐኪሙ ወደዚያው ዝርዝር፣ ወደዚያው ተረኝነት በአንድ ቀን ሲመለስ ነው። ከመውጣቱ በፊት ሲመለስ ምን እንደሚቀየር በጽሑፍ ይስማማ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግማሽ ዝርዝርና የለመዳቸው ቀዶዎች፣ የመጀመሪያውን ወር ያለ ሌሊት ሥራ፣ ለከባድ ቀዶ አብሮ የሚቆም ባልደረባ። ለሦስት ወር በየሁለት ሳምንቱ እነዚያን ሁለት አረፍተ ነገሮች ደግሞ ይመልስ፤ ቀኑንና በዚያው ከ0 እስከ 6 መለኪያ ያገኘውን ነጥብ ይጻፍ።

ሦስት ወር አልፎ ነጥቡ ካልተነቃነቀና የጠየቀው ለውጥ ካልተሰጠ፣ ያኔ ቦታ መቀየር የሸሸ ሰው ሥራ አይደለም። አዲሱን ሆስፒታል ግን ስለ ደመወዝ ብቻ አይጠይቅ። በወር ስንት ሌሊት አለ፣ ማግስቱስ ማን ይሸፍናል? ባለፈው ወር ስንት ቀዶ ተሰረዘ፣ በምን ምክንያት? ሬዚደንቶቹ ለአንጋፋው ጥያቄ ሲያቀርቡ ምን ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ለኃላፊው ሳይሆን እዚያ ለሚሠራ የሰመመን ባለሙያ ወይም ስክራብ ነርስ ይቅረብ፦ ባለፈው ጊዜ በሽተኛ ጠረጴዛ ላይ ሲሞት፣ ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪሙን ማን አነጋገረው?